ከሱሉልታ አፈር የወጣች ቢጫ ባክቴሪያ አዲስ ዝርያ ናት ለማለት ምን ይቀራል?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከሱሉልታ ሜዳ ዳር ካለ የገብስ ማሳ ጥቁር አፈር ወስደን በአጋር (በረጋ የባክቴሪያ ምግብ) ላይ ስናሳድግ ቢጫ ኮሎኒ የምትሠራ ባክቴሪያ አገኘን። ፎስፌት ታሟሟለች። የ16ኤስ ጂኗን (ባክቴሪያ የሚለይበትን ጂን) በ27ኤፍ ፕራይመር (ንባቡን ከአንድ ጫፍ በሚያስጀምር አጭር ዲኤንኤ) ብቻ አስነብበን 740 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) መጣልን፤ ብላስት (የዲኤንኤ ማወዳደሪያ ድረ ገጽ) ላይ ስናስገባው ከአርትሮባክተር ጋር 98.2 በመቶ ይገጥማል። በማይክሮስኮፕ አንዳንዴ ዘንግ፣ አንዳንዴ ክብ ሆና ትታየናለች። አዲስ ዝርያ አገኘን ማለት እንችላለን? ስሟንስ በሱሉልታ መሰየም ይቻላል?»

አሁን በእጃችሁ ባለው መረጃ ይህን ለማለት ገና ነው። ሥራው ግን መቀጠል የሚገባው ነው፤ እንዲህ ያለ ግኝት ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ሲበላሽ ያሳዝናል። በዚህ ሙያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው ከባድ ይመስላል በሚባለው የጂኖም ትንተና አይደለም። ሲጀምር በንጽህናና በ16ኤስ ንባብ፣ ሲጨርስ ደግሞ በፈቃድና ስትሬይኗን (ከአፈሩ ነጥላችሁ ያሳደጋችኋትን የባክቴሪያ ዘር) ለክምችት ማዕከል በማስረከብ ላይ ነው። ስለዚህ በነዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ከዘንግና ከክቡ ልነሳ። ይህ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ሁለት ባክቴሪያ ተቀላቅሎባችኋል፣ ወይም ደግሞ ባክቴሪያዋ እውነትም አርትሮባክተር ናት፤ ይህ ወገን (ጂነስ፣ የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) በዕድሜው ቅርጹን በመለዋወጥ የታወቀ ነውና። አዲስ ምግብ ውስጥ ስትገባ ረዝማ ዘንግ ትሆናለች። ስትከፈል ሁለቱ ዘንጎች በአንድ ጫፋቸው እንደተያያዙ ጎበጥ ብለው የ«ለ» ፊደልን ቅርጽ ይሠራሉ። ምግቡ ሲያልቅ ታጥራ ክብ ትሆናለች። ሰኞ ያያችሁትና ዓርብ ያያችሁት አልመሳሰል ያለው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

የቱ እንደሆነ ለመለየት ሦስት ቀን ይበቃል። ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝን (ፈሳሽ የባክቴሪያ ምግብ) ከተለመደው መጠን ወደ አንድ አሥረኛ አቅጥናችሁ 10 ሚሊ ሊትር አዘጋጁ፤ ከአንድ ኮሎኒ ብቻ ወስዳችሁ ጨምሩና በ28 ዲግሪ እያናወጣችሁ አሳድጉ። በ6ኛው፣ በ12ኛው፣ በ24ኛው፣ በ48ኛውና በ72ኛው ሰዓት አንዳንድ ጠብታ እያወጣችሁ ተመልከቱ። አርትሮባክተር ከሆነች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዘንግና «ለ» መሳዩ ቅርጽ ይበዛል፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ክቡ ይበዛል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። ከ72ኛው ሰዓት 0.1 ሚሊ ሊትር ወደ አዲስ ብሮዝ አዛውሩና ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጀምራችሁ እየደጋገማችሁ ተመልከቱ፤ ክቡ ጫፉ ላይ እንደበቀለ ገብስ ዘንግ ሲያወጣ ታያላችሁ። ዘንጉም ክቡም በሁሉም ሰዓት በተመሳሳይ መጠን ከታየ ግን ቅልቅል ነው።

ለግራም ቀለም (ባክቴሪያን በግድግዳዋ ዓይነት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ብሎ ለሚለየው) አንድ ጥንቃቄ አለ። አርትሮባክተር ግራም ፖዘቲቭ ብትሆንም በተለይ በዘንግነቷ ዘመን ቀለሙን ቶሎ ትለቃለች። አልኮሉን ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ብቻ አቆዩት፤ በዚያው ስላይድ ላይ የታወቀ ግራም ፖዘቲቭና የታወቀ ግራም ኔጌቲቭ ጎን ለጎን ቀቡ። እነሱ ትክክለኛ ቀለማቸውን ካልያዙ የእናንተዋም ውጤት አይታመንም።

ለንጽህናው ከአንድ ነጠላ ኮሎኒ እየወሰዳችሁ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ በአዲስ የአጋር ሳህን ላይ አሰምሩ፤ በየመሃሉ ከ5 እስከ 7 ቀን ጠብቁ። ብዙዎች በሁለተኛው ቀን ቢጫው ደምቆ ሲወጣ ንጹሕ ነው ብለው ይቀጥላሉ። በአምስተኛው ቀን ከቢጫው ኮሎኒ ጠርዝ ሥር የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ብቅ ትላለች። ያቺ ነጥብ ናት በኋላ ጂኖሙን የምታበላሸው። ሳህኑን ዘወር አድርጋችሁ በመስኮት ብርሃን ላይ አጋድላችሁ ካያችሁት ነጩ ነጥብ በጥላው ይታያል፤ ቀጥ ብሎ ከላይ ሲታይ ያመልጣል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ መጻሕፍት ብዙም የማያነሡት የብክለት ምክንያት አለ፤ እሱም ከፍታው ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአውቶክሌቭ (ምግቡን በግፊት እንፋሎት የሚያመክነው ዕቃ) ጌጅ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲል ውስጡ 121 ዲግሪ ነው። ጌጁ ግን የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ ያው 15 ፒኤስአይ የሚሰጠው ወደ 117 ዲግሪ ነው። ሱሉልታ ላይ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ይላል። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ሙቀት የሚችሉት የባሲለስ ዓይነት ስፖሮች የሚሞቱበትን ፍጥነት ወደ 40 በመቶ ታወርደዋለች። በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ የሚበቃው በ117 ዲግሪ ወደ 38 ደቂቃ ይፈልጋል ማለት ነው። ሙቀቱን በራሱ ቴርሞሜትር የሚቆጣጠር አውቶክሌቭ ካላችሁ ችግር የለም። በግፊት ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም በቤት ፕሬዠር ኩከር የምትሠሩ ከሆነ፣ በ15 ፒኤስአይ 40 ደቂቃ አቆዩት። ግፊቱን ወደ 19 ፒኤስአይ ማድረስም ሙቀቱን ያስተካክላል፤ ይህን የምታደርጉት ግን ዕቃው ለዚያ ግፊት የተሠራ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ብቻ ነው። የደህንነት ቫልቩን በምንም ምክንያት አትንኩ። ከእያንዳንዱ ዙር ሁለት ምንም ያልተዘራባቸው ሳህኖች በ30 ዲግሪ 48 ሰዓት አስቀምጡ። በነሱ ላይ አንድ ኮሎኒ ከወጣ ዙሩ በሙሉ ይጣል። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ አጋሩም ቶሎ አይሟሟም፤ ፈላ ብላችሁ ወዲያው ካወረዳችሁት ሳህኑ ላይ ጉብታ ጉብታ ይሠራል።

ንጽህናው ሲረጋገጥ፣ ሌላ ምንም ከመሥራታችሁ በፊት፣ በ20 በመቶ ግሊሰሮል ቢያንስ 10 ቱቦ አዘጋጁና በሰባ ወይም በሰማንያ ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ። አምስቱን በአንድ ፍሪዘር፣ አምስቱን በሌላ ሕንፃ አድርጓቸው። መብራት ለሁለት ቀን ሲጠፋ የሚሞተው የዓመታት ሥራ ነው፤ አንድ ፍሪዘር ላይ ብቻ አትተማመኑ።

አሁን ወደ 98.2 በመቶው። ከ740 ቤዝ 98.2 በመቶ ገጠመ ማለት 13 ቤዝ ያህል ተለያየ ማለት ነው። የሳንገር ንባብ (አንድን ጂን በፕራይመር የማንበብ የተለመደ ዘዴ) የመጀመሪያዎቹ 30 እስከ 50 ቤዞች የተዘበራረቁ ናቸው፤ ከ700 በላይ ያለው ጫፍም ይደክማል። ከ13ቱ ልዩነቶች 4ቱ የንባብ ስህተት ቢሆኑ የሚቀሩት 9 ናቸው፤ ቁጥሩም 98.8 በመቶ ይሆናል። ለአዲስ ዝርያ እንደ ድንበር የሚወሰደውን 98.7 በመቶ ተሻገራችሁ ማለት ነው። ክሮማቶግራሙን (የንባቡን ባለቀለም ግራፍ) ክፈቱና እያንዳንዱን ልዩነት በዓይናችሁ ተመልከቱ፤ ጥርት ያለ አንድ ጫፍ ካለው እውነተኛ ነው፣ ሁለት ቀለም ተደራርቦ ከታየ አትቁጠሩት። ድርብ ጫፍ በብዙ ቦታ ከበዛ ወይ ቅልቅል ነው፣ ወይም ባክቴሪያዋ ውስጥ ያሉት የ16ኤስ ቅጂዎች እርስ በርሳቸው ይለያያሉ።

ሙሉው ጂን 1,500 ቤዝ ያህል ነው፤ እናንተ ግማሹን ነው ያነበባችሁት። ግማሹ ውስጥ የሚለዋወጡት ክፍሎች ተከማችተው ከሆነ ልዩነቱ ከሙሉው ጂን የበዛ ይመስላል። በጂኑ ሁለት ጫፎች ላይ በሚያርፉት በ27ኤፍና በ1492አር ፕራይመሮች በፒሲአር አባዙት፦ ማጣበቂያው 55 ዲግሪ፣ ማራዘሚያው 72 ዲግሪ ለ90 ሴኮንድ፣ 30 ዙር። ከሁለቱም ጫፍ አስነብቡ፤ መሃሉን የሚያገናኝ አንድ ወይም ሁለት የውስጥ ፕራይመር ጨምሩ። ከተጣራ በኋላ ቢያንስ 1,400 ቤዝ ሊኖራችሁ ይገባል። ከዚያ በታች ባለ ርዝመት ስለ አዲስ ዝርያ የሚወራው ሁሉ ግምት ነው።

ለማወዳደርም ብላስትን ባለበት አትመኑት። እዚያ ያለው ክምችት ስሙ በትክክል ያልተረጋገጠ፣ አንዳንዴም በላቦራቶሪ ጨርሶ ያልበቀለ ብዙ ነገር አለው። ማወዳደር የሚገባችሁ ከታይፕ ስትሬይኖች ጋር ብቻ ነው። ታይፕ ስትሬይን ማለት ዝርያው ሲሰየም ለስሙ ቋሚ መለኪያ ሆኖ የተቀመጠው ስትሬይን ነው። ኢዝባዮክላውድ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ወይም በኤንሲቢአይ የታይፕ ስትሬይኖች 16ኤስ ክምችት ላይ ፈልጉ። «ከአርትሮባክተር ጋር» ማለትም በራሱ አይበቃም፤ ይህ ወገን እ.ኤ.አ. በ2016 ተከፋፍሎ ከውስጡ ግሉታሚሲባክተር፣ ፓኤናርትሮባክተር፣ ፕሲውዳርትሮባክተርና ሌሎችም አዲስ ወገኖች ወጥተዋል። በድሮ ስም የተመዘገበ ተወዳዳሪ ካጋጠማችሁ የዛሬ ስሙን ኤልፒኤስኤን (የባክቴሪያ ስሞች መዝገብ የሆነው ድረ ገጽ) ላይ አጣሩ፤ አለዚያ ባክቴሪያችሁን ከሌላ ቤት ታስገቧታላችሁ።

ድንበሩን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ 97 በመቶ ይባል ነበር፤ በኋላ ብዙ ጂኖም ሲነበብ ወደ 98.7 በመቶ ከፍ ብሏል። በ1,450 ቤዝ ላይ ይህ 19 ቤዝ ያህል ልዩነት ነው። ሙሉው ንባባችሁ ከዚህ በታች ከገጠመ አዲስ ዝርያ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። ከዚህ በላይ ከገጠመም ተስፋ አትቁረጡ፤ በ16ኤስ 99 በመቶ ተመሳስለው በጂኖም ግን የተለያዩ ዝርያዎች የሆኑ ብዙ አሉ። በአርትሮባክተር ዘመዶች መካከል 16ኤስ እርስ በርስ በጣም ስለሚቀራረብ ከሱ በሚሠራው የዝምድና ዛፍ ላይ ቅርንጫፎቹ ደካማ ይሆናሉ። ቡትስትራፑን (የቅርንጫፎቹን ጥንካሬ በድግግሞሽ የሚፈትነውን ስሌት) 1,000 ጊዜ አድርጉት፤ ከ70 በመቶ በታች የቆመ ቅርንጫፍ ላይ ምንም ክርክር አትሥሩ።

ፍርዱን የሚሰጠው ጂኖሙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ አዲስ ዝርያ ያለ ጂኖም አቅርቦ ማሳተም አስቸጋሪ ሆኗል፤ ትክክልም ነው። ለናሙናው ዲኤንኤ ስታወጡ የግራም ፖዘቲቭ ግድግዳ ወፍራም መሆኑን አትርሱ፤ በላይሶዛይም በ37 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ሳታለዝቡት ኪቱን ብትጀምሩ የምታገኙት ዲኤንኤ ከምንም የማይቆጠር ይሆናል። የ260 በ280 ውድር (የዲኤንኤውን ጥራት የሚያሳየው የብርሃን ልኬት) ከ1.8 እስከ 2.0 መሆን አለበት። የንባቡ ጥልቀት ቢያንስ 50 እጥፍ ይሁን፤ ጂኖሙ 4.5 ሚሊዮን ቤዝ ቢሆን 225 ሚሊዮን ቤዝ ንባብ ማለት ነው። የተገጣጠመውን ጂኖም በቼክኤም ፕሮግራም ፈትሹት፤ ሙሉነቱ ከ95 በመቶ በላይ፣ ብክለቱ ከ5 በመቶ በታች ካልሆነ ወደ ሳህኑ ተመለሱ። ከዚያም ከጂኖሙ ውስጥ 16ኤሱን አውጥታችሁ በሳንገር ካነበባችሁት ጋር አስተያዩ። ሁለቱ ካልተስማሙ የላካችሁት ቱቦ ሌላ ባክቴሪያ ይዞ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ፍተሻ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳይሠሩት ቀርተው በገምጋሚ ፊት ያፈሩ ብዙዎች ናቸው።

ጂኖሙ ሲጠራ ሁለት ቁጥር ታወጣላችሁ። አንደኛው ኤኤንአይ ነው፦ የሁለቱ ጂኖሞች የሚገጥሙ ክፍሎች በአማካይ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ይነግራችኋል። ከቅርብ ታይፕ ስትሬይኖች ሁሉ ጋር ከ95 እስከ 96 በመቶ በታች ከሆነ የተለየ ዝርያ ናት። ሁለተኛው ዲጂታል ዲዲኤች ነው፦ የሁለቱ ዲኤንኤዎች መጣመር ምን ያህል እንደሚሆን ከጂኖሙ በኮምፒውተር የሚገመት ቁጥር፤ ድንበሩ 70 በመቶ ሲሆን መነሻው እ.ኤ.አ. በ1987 በላቦራቶሪ ዲኤንኤን ከዲኤንኤ በማጣመር ለሚሠራው ፈተና የተቀመጠው ቁጥር ነው። ቲዋይጂኤስ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ጂኖሙን ስትጭኑ ይህን በራሱ ያሰላላችኋል። ኤኤንአይው 95.4 ከመጣባችሁ ግራጫው ቦታ ላይ ናችሁ፤ ያኔ የዲዲኤቹና የጂኖሙ ዛፍ ምስክርነት ይታያል፣ ሦስቱ ካልተስማሙ አትሰይሙ። አንድ ወጥመድም አለ፦ የቅርቡ ዘመድ ታይፕ ስትሬይን ጂኖሙ ካልተነበበ ሳይወዳደር ይታለፋል። ከሱ ጋር ሳትወዳደሩ «አዲስ ናት» ማለት አይቻልም፤ ስትሬይኑን ገዝታችሁ እናንተው ታስነብቡታላችሁ።

ፎስፌት ማሟሟቷ ዝርያዋን አይነግርም። በፒኮቭስካያ አጋር (የማይሟሟ ፎስፌት ባለበት ምግብ) ላይ በኮሎኒው ዙሪያ ነጻ ቀለበት የሚሠሩ፣ እርስ በርሳቸው ምንም ዝምድና የሌላቸው ባክቴሪያዎች ሞልተዋል። ለገበሬው የሚጠቅም ጠባይ ስለሆነ በመግለጫው ላይ ጻፉት፤ የመለያ ማስረጃ አታድርጉት።

የጠባይ ፈተናዎቹን ከሁለት ወይም ከሦስት ቅርብ ታይፕ ስትሬይኖች ጋር ጎን ለጎን፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዙር ምግብ ሥሩ። ከሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ቁጥር ወስዶ ከራስ ቁጥር ጋር ማወዳደር የተለመደ ጥፋት ነው፤ ልዩነቱ የዝርያው ይሁን የምግቡ ማንም አያውቅም። ሙቀትን በ4፣ 10፣ 15፣ 20፣ 25፣ 28፣ 30፣ 37ና 42 ዲግሪ፣ ጨውን ከ0 እስከ 10 በመቶ በአንድ በአንድ በመቶ፣ ፒኤችን ከ4 እስከ 11 በበፈር ፈትኑ። ፒኤች በአውቶክሌቭ ውስጥ ስለሚንሸራተት ከወጣ በኋላ እንደገና ለኩት። «በክፍል ሙቀት አደገች» ብላችሁ አትጻፉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሱሉልታ ክፍል ሙቀትና የቀትሩ ሙቀት ሁለት የተለያዩ ዓለማት ናቸው። ለኦክሲዴዝ ፈተና የኒክሮም ሽቦ አትጠቀሙ፤ ሽቦው ራሱ ሐሰተኛ ሰማያዊ ያመጣል። የእንጨት ስንጥር ወይም የፕላስቲክ ሉፕ ይበቃል።

የኬሚካል መለያዎቹ ማለትም ፋቲ አሲድ፣ ሜናኪኖን፣ ዋልታዊ ቅባቶችና የግድግዳው አሚኖ አሲድ በብዙ ላቦራቶሪ አይሠሩም፤ በክፍያ የሚሠሩ የውጭ የክምችት ማዕከላት አሉ። ለአርትሮባክተር የምትጠብቁት በግድግዳው ላይሲን፣ በሜናኪኖኑ ኤምኬ-9 ባለ ሁለት ሃይድሮጅን፣ በፋቲ አሲዱ ደግሞ አንቴአይሶ ሲ15 ገንኖ እንዲወጣ ነው። ይህ ካልመጣ ወገኗን ራሱን መጠራጠር አለባችሁ። ለፋቲ አሲድ ሁሉንም ስትሬይን በአንድ ሙቀትና በአንድ የዕድገት ደረጃ ሰብስቡ፤ በ20 ዲግሪ ያደገችውና በ28 ዲግሪ ያደገችው ያችው ባክቴሪያ የተለያየ ቅባት ታሳያለች።

በአንድ ስትሬይን ብቻ ዝርያ መሰየም ይፈቀዳል፤ እኔ ግን ሌሎች እኅቶቿን ሳትፈልጉ እንድትቸኩሉ አልመክርም። አንድ ስትሬይን የአንድን ዝርያ ጠባይ ስፋት አያሳይም። ወደዚያው ማሳ ተመለሱ፤ በአጠገቡ ካለው የግጦሽ መሬት፣ ከሰንዳፋ ጥቁር አፈር፣ ከሆለታ ቀይ አፈርም ውሰዱ። የላዩን ገለባ ጥረጉና ከ0 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከአምስት እስከ አሥር ነጥብ ሰብስባችሁ ቀላቅሉ። ጥቁሩ ኮትቻ በክረምት እንደ ሊጥ ይያያዛል፤ በጨው ውሃ ብቻ ብታናውጡት ባክቴሪያው ከጭቃው አይላቀቅም። 10 ግራሙን በ90 ሚሊ ሊትር 0.1 በመቶ ሶዲየም ፓይሮፎስፌት ከብርጭቆ ዶቃ ጋር 30 ደቂቃ አናውጡት። ከ10 ሺህኛ እስከ ሚሊዮንኛ ቅጥነት ያለውን በአርቱኤ አጋር (የቀጠነ ምግብ ባለው) ላይ ዘርታችሁ በ25 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ሻጋታ ካስቸገረ በሚሊ ሊትር 50 ማይክሮግራም ሳይክሎሄክሲማይድ ጨምሩ፤ መርዝ ነውና ጓንት ሳታደርጉ አትመዝኑት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፈቃዱ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ማለት እዚህ ላይ ነው። የአፈር ባክቴሪያ በሕግ ፊት የጄኔቲክ ሀብት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ለማግኘትም ከሀገር ለማውጣትም ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠየቃል። ዲኤንኤ ብቻ ለንባብ ወደ ውጭ ልትልኩ ብታስቡም ከመላካችሁ በፊት ኢንስቲትዩቱን ጠይቁ። ይህን በመጨረሻው ሳምንት የሚያስታውስ ሰው ጽሑፉ ተጠናቆ በእጁ ይቀራል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የባክቴሪያ ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ታይፕ ስትሬይኑ በሁለት የተለያዩ ሀገሮች ባሉ፣ ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት በሆኑ ሁለት የክምችት ማዕከላት እንዲቀመጥ ያስገድዳል። በጀርመን ዲኤስኤምዜድ፣ በቤልጅየም ኤልኤምጂ፣ በጃፓን ጄሲኤም፣ በኮሪያ ኬሲቲሲ የታወቁት ናቸው። ማዕከላቱ ስትሬይኑ ሕያውና ንጹሕ መሆኑን፣ 16ኤሱም የተባለው መሆኑን ራሳቸው አረጋግጠው የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ያለዚያ ወረቀት ስሙ ሕጋዊ አይሆንም። ታይፕ ስትሬይን «ለሦስተኛ ወገን አይሰጥም» ከሚል ገደብ ጋር ሊቀመጥ አይችልም። ፈቃድ ስትጠይቁ ዓላማው ለስያሜ ክፍት ክምችት መሆኑን በግልጽ ጻፉና በፈቃዱ ላይ እንዲሰፍር ጠይቁ። ዝምታ ያለበት ፈቃድ በማዕከሉ በር ላይ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሴክኮድ የተባለው ደንብ ጂኖሙን ራሱን እንደ ታይፕ ይቀበላል፤ ዋና ጥቅሙ በላቦራቶሪ ላልበቀሉት ነው። ሕያው ባክቴሪያ በእጃችሁ እያለ ሌላው ሰው ወስዶ ሊፈትናት የሚችልበትን መንገድ አትዝጉ።

ስሙን በተመለከተ፣ አዎ፣ በሱሉልታ መሰየም ይቻላል፤ የሚያምርም ስም ነው። በሀገራችን ቦታ የተሰየሙ አሉ፦ ከቦሎቄ ሥር አንጓ የወጣችው ራይዞቢየም ኤቲዮፒከም፣ ከኮርች ዛፍ የወጣችው ብራዲራይዞቢየም ሸዌንሴ፣ እንዲሁም ሜሶራይዞቢየም ሀዋሴንሴ። ሸዌንሴና ሀዋሴንሴ በ«ኤንሴ» ያበቁት የወገን ስማቸው በላቲን ግዑዝ ፆታ ስለሆነ ነው። አርትሮባክተር ወንዴ ስለሆነ የእናንተዋ «ሱሉልቴንሲስ» ትሆናለች፤ «ሱሉልቴንሴ» ብላችሁ ብትጽፉ ገምጋሚው ይመልሰዋል። ጂኖሙ ወደ ሌላ ወገን ካመራችሁ ፆታውን እንደገና ተመልከቱ። ስሙ ቀድሞ ያልተያዘ መሆኑን ኤልፒኤስኤን ላይ ፈልጉ። በራሳችሁ ወይም በቡድናችሁ አባል ስም አትሰይሙ፤ ደንቡ አይመክረውም።

ለስትሬይኗም ዛሬውኑ አንድ ቋሚ ቁጥር ስጧት፣ ለምሳሌ ሱ-14። በደብተሩ፣ በቱቦው፣ በጂንባንክ (የዲኤንኤ ንባብ መዝገብ) ምዝገባውና በማዕከላቱ ወረቀት ላይ ያው ቁጥር ይጻፍ። አፈሩ የተወሰደበትን ቀን፣ የጂፒኤስ ነጥቡን፣ ከፍታውን፣ የአፈሩን ፒኤችና በማሳው ላይ የነበረውን ሰብል ከቁጥሯ ጎን መዝግቡ። የዝርያው መግለጫ ሲጻፍ እነዚህ ይጠየቃሉ፤ ማሳው በሚቀጥለው ዓመት ቤት ተሠርቶበት ሊገኝ ይችላልና ተመልሶ መለካት አይቻል ይሆናል።